እርሳስ ስል የመጻፊያውን አይደለም

ጥቅምት 6 ቀን 2018፣ ሐሙስ

ውጤቱ መጣ! ላቦራቶሪው የላከልኝን ኢሜይል ታክሲ ውስጥ ከፍቼ «እግዚኦ!» ብዬ ስጮህ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው «አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ጎሮ፣ ከእኛ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ግቢ ውስጥ ልጆች የሚንጠላጠሉበት የብረት መወጣጫ አለ። ክረምት ላይ ቢጫ የዘይት ቀለም ተቀባ። ያ የሚያብረቀርቀው፣ ልጅ ካላላስኩት የሚለው ዓይነት። የመዋዕለ ሕፃናቱ ባለቤት ወይዘሮ መብራት ፊቷን ዞር ስታደርግልኝ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጌ ወስጄ ነበር። ውስጡ እርሳስ አለበት። ያውም ከሚፈቀደው በብዙ እጥፍ።

ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅና እንዲያበራ ብለው ነው የሚጨምሩት። ከባድ ብረት ነው፣ መርዝ ነው። ልጅ ሆድ ከገባ መጀመሪያ ሆድ ቁርጠት፣ ከዚያ ምግብ አልበላም ማለት፣ መነጫነጭ፣ ቀስ እያለ ደግሞ ያወቀችውን ፊደል መርሳት። አእምሮ ላይ ያደረሰው ጉዳት ሁሉም ላይመለስ ይችላል።

ልጆቹ ያንን ብረት ሲልሱ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቶቹ ደግሞ በር ላይ ቆመው ስልካቸውን ይነካካሉ። እንዴት አንዲት እናት ልጇ የምታኝከውን አታይም? ደሜ ፈላ።

የሬዲዮ ፕሮግራሜን «ለምን ይሆን?»ን ከጀመርኩ ጀምሮ ስለ ጨረቃ፣ ስለ ትንኝ፣ መሬት በተንቀጠቀጠብን ሰሞንም ስለ መንቀጥቀጥ ሳወራ ኖሬያለሁ። ስለ ትንኝ የጻፍኳት መጽሐፍ ሩዋንዳ ሰፈር ካለው መጻሕፍት ቤት መስኮት ላይ ፀሐይ እየበላት ነው። «ደስ ይላል ዲና፣ ልጆቼ ይወዱታል» ይሉኛል። ይቺ ግን ደስ የምትል አይደለችም። ይቺ አንድን ልጅ ከመመረዝ የምታስጥል ናት።

ነገ እቀዳለሁ።

ልጄ ሮሃ ዛሬም ምሳዋን ሳትነካ መለሰችው። ሆዴን ነው የምትለው። አባባ «ከረሜላ ነው ምግቡን የዘጋት» ይላል። ራሱ እየገዛላት!


ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ቀዳሁ። ሱፍያን፣ የድምፅ ባለሙያችን፣ መስታወቱ ጀርባ ሆኖ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። አለቃዬ አብኔዘር «አሪፍ ነው፣ ኤዲት አድርጌ አስገባዋለሁ» አለ።

ማታ ሮሃን አስተኛኋት። አባባ ከነቀምት መጥቶ እኛ ጋ ከገባ ወዲህ ባዶ እጁን መቀመጥ አይችልም፤ አይሱዙ ሲነዳ የኖረ ሰው መቀመጥ ምኑም አይደለ። ክረምቱን የሮሃን አልጋ ሲያስተካክልላት፣ ሲቀባላት ከረመ። «የፀሐይ አልጋ» ትለዋለች። እንቅልፍ እስኪወስዳት አባባ በኦሮምኛ ይዘፍንላታል። ቤቴ ሰላም ነው፣ ጌታ ይመስገን።


ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

አብኔዘርን ልገድለው ነው!

አባባ ሬዲዮኑን አስጩሆት፣ ሮሃን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «እናትሽ ናት፣ ስሚ» እያለ ነበር። እኔ ወጥ እያማሰልኩ። ድምፄ መጣ። «ዛሬ ስለ እርሳስ እናወራለን» አልኩ። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «እርሳስ ስል የመጻፊያውን አይደለም፤ የግድግዳና የብረት ቀለም ውስጥ የሚጨመረውን መርዘኛ ብረት ነው።»

የለም። ተቆርጧል።

ስለ መወጣጫው የተናገርኩት የለም። የዘይት ቀለም የሚል የለም። ብረት የሚል ቃል አንድም የለም። የቀረው ምንድን ነው? «ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ልጆችዎን ይመርዛል። ዛሬውኑ ያርቁላቸው።» ከዚያ ሙዚቃ፣ ከዚያ የቀለም ፋብሪካ ማስታወቂያ።

ቀለምና እርሳስ! በዚህ አገር ቀለምና እርሳስ ሲባል ሰው ምን እንደሚታየው አብኔዘር አያውቅም? የደብተር መግዣ ወቅት እኮ ገና አሁን ነው ያለፈው።

ወጡ አረረ።


ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

የፈራሁት ደረሰ። የአድማጭ መልእክት ስልኬን ሞላው።

ከሰሚት አንዲት እናት፦ «ባለ ቀለሙ ብቻ ነው ወይስ ጥቁሩም?»

ከአያት አስተማሪ፦ «ታዲያ ልጆቹ በምን ይጻፉ? በጣት?»

የሮሃ ትምህርት ቤት የወላጆች ቴሌግራም ላይ፦ «ውድ ወላጆች፣ ለልጆቻችን ጤና ሲባል ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም እርሳስ ወደ ግቢ እንዳይገባ።» ከሥሩ ሰው ሁሉ አሜን ይላል። አንዷማ «እህታችን ዲና ዋቅጅራን ጌታ ይባርክልን» ብላለች። እዚያው «አልተግባባንም፣ የመጻፊያው አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላነበበውም። ከእኔ ጽሑፍ ቀጥሎ አንዱ ሰውዬ የጸሎት እጅ ለጠፈ።

ቤት ስገባ አባባ የሮሃን እርሳሶች አንድ ሳይቀር ሰብስቦ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅሏቸዋል። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የተናገርሽውን እኔ ካላከበርኩ ማን ያከብረዋል?» አለኝ፣ ኩራት በኩራት ሆኖ። ሳቄም እንባዬም መጣ። «አባባ፣ ይሄ ምንም አያደርግም፣ መልስላት» አልኩት። «ሬዲዮ ላይ ያልሽው ይሻለኛል» ብሎ እምቢ አለ።


ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ኤዲት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁት።

«አብኔዘር፣ ማብራሪያዬን ምን አደረግከው?»

«ረዘመ። ማስታወቂያ ነበረ።»

«የማን ማስታወቂያ?»

ወደ ስክሪኑ ዞረ። የማን እንደሆነ እኔም ጆሮ አለኝ።

«እሺ፣ ነገ ማስተካከያ እናንብብ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።»

«ዲንዬ፣ ማስተካከያ ማለት እኮ ተሳስተናል ማለት ነው።»

«ተሳስተናል እኮ!»

«ማን አለ? ሰው እየሰማሽ ነው፣ ቫይራል ነሽ። ኢንጆይ አድርጊው። ለነገ ደግሞ ስለ ማር አዘጋጂልኝ፣ ማር ለምን እንደማይበላሽ። ሰው ይወደዋል።»

ሰው ይወደዋል! ልጆች መርዝ እየላሱ እኔ ስለ ማር ላውራ። ደግሞ አወራሁ እኮ፣ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ስቱዲዮ ገብቼ በዚያ በለሰለሰ ድምፄ ስለ ማር ቀዳሁ። ወጥቼ ሽንት ቤት ውስጥ አለቀስኩ።


ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ከኦሎምፒያ ወደ ጎሮ፣ ታክሲ ውስጥ። ከፊቴ ሁለት ሴቶች።

«እኔማ የልጆቼን እርሳስ ጠራርጌ ጣልኩት። የሬዲዮዋ ሴትዮ ናት ያለችው።»

«እሷ ደግሞ ምን ታውቃለች?»

«ኧረ የተማረች ናት!»

«ተምራ ነዋ፣ በእርሳስ!»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ ሳይቀር። እኔ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩና ከመውረጃዬ አንድ ፌርማታ ቀድሜ «ወራጅ!» አልኩ።

ቲክቶክ ላይ አንዱ ጎረምሳ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ያጣጥራል፣ ጓደኛው እየሮጠ ደርሶ በመቅረጫ ሊያድነው ይሞክራል። «ዶክተር እርሳስ» ነው ስሜ አሁን። ባለቤቴ እዝራ ኤርፖርት ካርጎ ነው የሚሠራው፤ እዚያ ድረስ ተከትለውት «የዶክተር እርሳስ ባል» ይሉታል። እሱ ደግሞ ሲስቅ ያዝኩት። ዛሬ አላናግረውም።


ጥቅምት 23፣ እሑድ

ቸርች ደረጃው ላይ አንዲት እህት አቅፋኝ «እጸልይልሻለሁ፣ ጠላት ስምሽን እያጠፋ ነው» አለችኝ። የኔ እህት፣ ለስሜ ተይው። ለመወጣጫው ጸልዪ።


ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

የሮሃ አስተማሪ አስጠራችኝ። ሮሃ ባለፈው ዓመት አንድ በአንድ ትለያቸው የነበሩትን ፊደላት ዘንድሮ ታምታታለች። ጓደኛዋን ነክሳለች። ክፍል ውስጥ ትተኛለች።

«እና ምን ይገርማል?» አልኳት። «እርሳስ ከልክላችኋት በምን ትለማመድ? ሳይጽፉ ፊደል ይታወቃል?»

«እኛ የእርስዎን ፕሮግራም ሰምተን እኮ ነው» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

አሳዘነችኝ፣ ግን እልሄ አልበረደም። ይኸው የአብኔዘር መቀስ የራሴ ልጅ ክፍል ድረስ ገባ! ልጄ ፊደሏን ያጣችው በእሱ ምክንያት ነው። ማታ ከቁም ሳጥኑ ላይ እርሳስ አውርጄ «ሀ» ጻፊልኝ አልኳት። ወረቀቱን ቀዳ ወረወረችው። ሮሃ! ወረቀት ስታይ ጠረጴዛ ሥር ገብታ የምትስለው ልጅ።


ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ሮሃን ተቆጣኋት። የአልጋዋን የራስጌ ጠርዝ እንደ አይጥ ግጣዋለች። ጥርሷ እየተነቃነቀ ስለሆነ ይበላታል መሰለኝ፣ ተኝታ ትግጠዋለች። ያን የመሰለ የአባባ ሥራ አበላሸችው። አባባ «ልጅ ናት፣ ተያት። ደግሜ እቀባዋለሁ፣ ቀለሙ ተርፎኛል» አለ።

ብርድ ልብሷን ሳስተካክል አንድ ነገር መጣብኝና ተውኩት። ያየሁትን ሁሉ እርሳስ ካደረግኩ አብኔዘር ከኋላዬ «ለይቶላታል» ያለው እውነት ሊሆን ነው። ሥራ ቤት ይዤ መግባት ማቆም አለብኝ።


ኅዳር 8፣ ሰኞ

ጭራሽ! የቀለም ፋብሪካው አዲስ ማስታወቂያ አሠራ። በእኔው ጣቢያ፣ በእኔው ፕሮግራም ሰዓት። «ቤትዎን በእኛ ቀለም ያስውቡ፤ እርሳሱን ለእኛ ይተዉት!» ከዚያ የልጅ ሳቅ።

እርሳሱን ለእኛ ይተዉት! እንዲህ ያለ ድፍረት ታይቶ ይታወቃል? ሱፍያን ማስታወቂያውን ሲያስገባ ፊቱን አዞረ። «ዲና፣ ወላሂ አፈርኩ» አለኝ።

ሮሃ ዛሬም ሆዴን።


ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን። ጎሮ ጭስ በጭስ ሆናለች፣ ሰው ቆሻሻውን ከየቤቱ እያወጣ ያቃጥላል። የዱሮው ወረርሽኝ ቀረ፣ ማጠኑ ግን አልቀረም። አንድ ጊዜ ስለዚሁ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር፤ ጭሱ በሽታ አያጠፋም ብዬ ብዙ ስድብ ጠጥቻለሁ።

ከሥራ ስመለስ መዋዕለ ሕፃናቱ ግቢ ውስጥ እሳት ይነድዳል። እናቶች ከበውታል። ገባሁ። ወይዘሮ መብራት አየችኝና እጇን ዘርግታ መጣች።

«ዲንዬ፣ እንኳን መጣሽ! አንቺ ባትኖሪ ልጆቻችን አልቀው ነበር። ይኸው መርዙን እያጠንነው ነው።»

አንድ ካርቶን አንሥታ ገለበጠችው። እርሳስ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ገና ያልተቀረፀ፣ በወላጅ ብር የተገዛ አዲስ እርሳስ እሳቱ ላይ ተንኮታኮተ። እናቶቹ አጨበጨቡ። አንዷ እልል አለች።

ከጀርባቸው ልጆቹ ቢጫው መወጣጫ ላይ ተንጠልጥለው እሳቱን ያያሉ። ከሁሉም የምታንሰው ልጅ አፏን ብረቱ ላይ ለጥፋ ትግጠዋለች።

እዚያ ላይ አበድኩ። «እሱ አይደለም! የመጻፊያው አይደለም!» ብዬ ጮህኩ።

«ሬዲዮ ላይ እርሳስ ነው ያልሽው» አለች አንዷ።

«ሌላ እርሳስ ነው!»

«ስንት እርሳስ አለ እንዴ?»

«መወጣጫው ነው መርዙ! ቀለሙ!»

መብራት ፊቷ ተለዋወጠ። «ክረምት ላይ ያስቀባሁት? አሁን ደግሞ ወደ እኔ ዞርሽ? ትናንት እርሳስ፣ ዛሬ መወጣጫ፣ ነገ ልጆቹ ራሳቸው መርዝ ናቸው ትይን ይሆናል።» እናቶቹ ሳቁ። አንዷ «ያማታል እንዴ?» አለች፣ እኔ እየሰማሁ።

እራት ላይ ሁሉንም ለአባባ ነገርኩት። አባባ አዳመጠኝና «ታዲያ የቱ እርሳስ ነው?» አለ።

አንተም? ብዬ ልጮህበት ነበር። «የባትሪው አባባ! የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው!»

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። «ያ ከባዱ? አሲዱ ውስጥ የሚነከረው?»

«እሱ።»

«እሱን ቀለም ውስጥ ይጨምሩታል?»

«ይጨምሩታል እንጂ።»

«የቱ ቀለም ውስጥ?»

«የሚያብረቀርቀው ዘይት ቀለም ውስጥ፣ በተለይ ቢጫው። ቢያቃጥሉት ደግሞ ጭሱ ይብሳል።»

ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰውና እጁን ሊታጠብ ተነሣ። እኔ ስለ መብራት ማውራቴን ቀጠልኩ። ከዚያ መሐል ላይ ብልጭ አለልኝ፦ ባትሪ! ስንት ቀን ሙሉ «ከባድ ብረት»፣ «መርዛማ ንጥረ ነገር» እያልኩ ስደክም ቃሉ እዚሁ ነበር። ባትሪን ማን አያውቅም? ባትሪን ለልጁ የሚያስልስ ማን አለ? «አባባ፣ አገኘሁት!» ብዬ ተጣራሁ። ሮሃ ክፍል ገብቶ በሩን ዘግቷል።


ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ደግሞ ምን ጉድ ነው? ስነሣ የሮሃ አልጋ የለም። ሮሃ ከእኛ ጋር አልጋ ላይ ተኝታለች። አባባ በዚያ ወገቡ አውርዶታል።

«ትኋን ገብቶበት ነው» አለኝ።

«የት አለ ትኋን? አንሶላዋን እኔ አይደለሁ የማጥበው?»

«ትኋን ነው አልኩሽ» ብሎ ቀና ብሎ አላየኝም። ልጅቷ «የፀሐይ አልጋዬ» እያለች ታለቅሳለች። ባለፈው ሊቀባው አልነበር? እርጅና እንዲህ ሰው ይለውጣል?

ምድር ቤት ያለው ባለ ሱቁ አብዱልጀባር አስቆመኝ። «እቴ፣ አባታችን ደህና ናቸው? አልጋውን ከላይ እስከ ታች በፕላስቲክ ጠቅልለው መጋዘኔ አስገቡት። ልጅ እንዳይነካው፣ እንዳይቃጠልም፣ አደራ አሉኝ።» ትኋን በፕላስቲክ! ሳቅኩ፣ እሱ ግን አልሳቀም።


ኅዳር 17፣ ረቡዕ

አባባ ቤቱን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። ጠዋት ይወለውላል፣ ማታ ይወለውላል። የሮሃን ጥፍር ቆርጦ ጨረሰው። «እጅሽን ታጠቢ» እያለ አሰለቻት። ዛሬ ጮህኩበት፤ ቤቱ ቆሽሿል ማለቱ ነው? እኔ ሥራ ስለምውል? ጨርቁን ጨምቆ መወልወሉን ቀጠለ።

እኔ የቅዳሜውን እያሰብኩ ነው። አብኔዘር ስለ ጨረቃ አዘጋጂ ብሎኛል። ይሄኛው ቀጥታ ስርጭት ነው። ቀጥታ ስርጭት መቀስ የለውም።


ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

አደረግኩት!

ስለ ጨረቃ ጀመርኩ። «ጨረቃ ላይ ነፋስ የለም» አልኩ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጥኩት።

«አድማጮቼ፣ የመኪና ባትሪ ከፍታችሁ ውስጡ ያለውን ብረት ለልጃችሁ ‹እንቺ ላሺው› ትሏታላችሁ? አትሉም። እኔ ግን ልጆች ሲልሱት አይቻለሁ። እርሳስ ስል የመጻፊያውን አይደለም። የመጻፊያው ውስጥማ እርሳስ የሚባል ብረት ጭራሽ የለም፤ መልሱላቸው፣ ይጻፉ። የባትሪው ነው። መወጣጫቸው ላይ፣ በራቸው ላይ፣ ወንበራቸው ላይ በተቀባው የሚያብረቀርቅ ቀለም ውስጥ ነው። ልጃችሁ ሆዴን ካለች፣ ካልበላች፣ ከተነጫነጨች፣ ያወቀችውን ከረሳች...»

አብኔዘር መስታወቱን ይደበድባል። ሱፍያን እጁን መቆጣጠሪያው ላይ ጭኖ እንዳልሰማ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እስከ መጨረሻው ተናገርኩ።

ስወጣ አብኔዘር «በቃሽ፣ ለይቶልሻል» አለኝ። «ለይቶልኛል» አልኩት። ስልኩ ግን አላቆመም። አንዱ ጋራዥ ያለው ሰውዬ «እኔ ባትሪ ስፈታ ልጄን አላስጠጋም፤ በሩን ግን በዚሁ ቀለም ቀብቼዋለሁ!» ብሎ አለቀሰ። ገባቸው። በአንዲት ቃል ገባቸው!

ቤት ስገባ አባባ ሬዲዮኑን አጥፍቶ ተቀምጧል። «ደህና አድርገሽ ተናገርሽ» አለኝ። ድምፁ ግን ደስ ያለው አይመስልም።


ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ከፕሮግራሙ ታግጃለሁ። ያግዱኝ! ይልቅ መብራት ደወለች። ወላጆች በሩን ሞልተውባታል። መጀመሪያ ረገመችኝ፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ «ምን ላድርግ?» አለች። መወጣጫውን አስነቀለችው። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች በጣት ጠብታ ደም የሚያነብ ትንሽ ማሽን ይዘው የሚቀጥለው ማክሰኞ መጥተው ልጆቹን ሊመረምሩ ነው።

ከእንግዲህ ማን ነው የሚስቅብኝ?


ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ባልሠራም የድምፅ መቅረጫዬን ይዤ ሄድኩ። ልጆቹ ከእናቶቻቸው ጋር ተሰልፈዋል። ከበሩ ጀምሬ ሰልፉን እየተከተልኩ አወራቸዋለሁ። እናቶቹ ያፍራሉ። እኔ ደግሞ፣ ለማን ልደብቀው፣ ትንሽ ደስ ብሎኛል። ኅዳር 12 ከሳቁብኝ አንዷን «የሚግጡትን አታዩም ነበር?» አልኳት። አንገቷን ደፋች።

ሰልፉ መጨረሻ ላይ አባባ ቆሟል። ሮሃን በእጁ ይዞ።

«አባባ፣ ምን ትሠራለህ? ሮሃ እዚህ አትማርም እኮ።»

«ነርሷን ለምኛት እሺ ብላኛለች።»

«ለምን?»

ባርኔጣውን አወለቀ። ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ የሚሰማን መስሎት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንተላ ኮ፣ መጀመሪያ ሬዲዮ ላይ እርሳስ ስትይ እኔ እርሳሷን ነጠቅኳት። የባትሪው ነው ስትይኝ ነው የገባኝ። እኔ ነኝ የቀባሁት። በእጄ ነው የቀባሁት።»

መቅረጫው ክፍት ነበር።


ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ከፍ ያለ ነው። የሮሃ ከብዙዎቹ ከፍ ያለ ነው።


ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። ምሳ ዕቃው። ሆዴን። ፊደሉ። ጠርዙ። ሁሉንም በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ! በገዛ እጄ ጽፌ በሰው ላይ ስጮህ ነበር። እዝራ «ደብተሩን ስጪኝ፣ ራስሽን አትግደይ» አለኝ። አልሰጠሁትም።

አባባ ነቀምት ልመለስ ይላል። «ማን ይሸኝሃል? የትም አትሄድም!» ብዬ ጮህኩበት። አልጋውን ያወረደው እሱ ነው። እኔ ብሆን ዛሬም ብርድ ልብስ እያስተካከልኩላት ነበር።


ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ክሊኒክ። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው። ዋናው ምንጩን ማራቅ ነው፣ ያም ተደርጓል አለ። ብረትና ካልሲየም ያለው ምግብ፣ ከዚያ ተመላልሶ ደም ማየት። «ከደሟ ቀስ እያለ ይወርዳል።» ፊደሎቿስ አልኩት። «እያየን እንሄዳለን» አለ። የፕሮግራሜ እንግዶችም የማያውቁትን ስጠይቃቸው እንዲህ ነው የሚመልሱልኝ።

ደም የምትቀዳው ነርስ ትልቅ ሴት ናት፣ ቆፍጣና። አላወቀችኝም፤ ሬዲዮ መልክ የለው።

«ምን ነበር የምታኝከው?»

«አልጋ።»

«አልጋ ስታኝክ እናት የት ነበረች?» የሮሃን ክንድ በጥጥ እያሸች ወደ እኔ ዞረች። «እንዴት አንዲት እናት ልጇ የምታኝከውን አታይም? ሬዲዮስ አትሰሚም? ያቺ ልጅ እኮ አፏ እስኪደርቅ ነገረችን። የመጻፊያው አይደለም፣ የባትሪው ነው፣ ቀለሙን እዩ እያለች። ያን ቅዳሜ ለት፣ አልሰማሽም?»

ሮሃ ቀና ብላ አየችኝ። እጇን አጥብቄ ያዝኩት።

«አልሰማሁም» አልኳት።